መላሽ የተባለው የመብራት ምሰሶ

ቆይ፣ መጀመሪያ ሳቄ ይብረድልኝ። ብዕሩን ባነሣሁ ቁጥር ያ ሰውዬና ያቺ ሴት በአደባባይ ፊት ለፊት ተገትረው፣ አንዱ በሌላው ላይ ጣቱን ቀስሮ ይታየኛልና ብዕሩን መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ከነገሩ ሁሉ የሚጥመው መጨረሻው ላይ ነው ያለው፤ አሁን ብትለምኑኝም አልናገረውም፤ መንገዱን አብረን ሄደን ስንጨርስ ታገኙታላችሁ።

በሩሲያ አገር፣ በቮልጋ ወንዝ ዳር ካሉት ከተሞች በአንዷ፣ ስሟ ምላሴ ላይ አልቀመጥ ስላለ የእስከዳር ከተማ በምላት፣ መኪና የማይገባበት አንድ የጥንት መንገድ አለ። እስከዳር የወንድሜ ልጅ ናት፤ እዚያው ተምራ እዚያው ሥራ ይዛ ቀርታለች፤ እኔም ሰኔን ከእሷ ጋር ላሳልፍ ከአሰላ ተነሥቼ ሄጄ ነው ያየሁት። መንገዱ ላይኛው ጫፉ ቀይ የጡብ ማማ ነው፤ ታችኛው ጫፉ ወደ ወንዙና ወደ ባቡር ጣቢያው የሚያወርድ የድንጋይ ደረጃ ነው። ከዚያ እስከዚህ ድረስ ግራና ቀኙ በቅድመ አያት ዘመን ቤት የተሞላ ሆኖ፣ ሰዉ እንደ ጥምቀት ዕለት ይጎርፍበታል፤ አንዱ አኮርዲዮን ይጫወታል፣ አንዱ ሰው አስቀምጦ መልኩን ይሥላል፣ አንዱ የድብ ልብስ አጥልቆ በዚያ ሙቀት ይጨፍራል፤ ከነሐስ የተሠራ ዝይ ቆሟል፣ አላፊ አግዳሚው ለዕድል እያለ ምንቃሩን ስለሚያሸው ምንቃሩ ወርቅ መስሏል። እኔም አሸሁት፣ ምን ከፋኝ። እዚያ መንገድ ላይ መቀመጥ የሚባል ነገር አይቻልም፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ዐረፍ ስል እግሬ ራሱ ተነሽ ተነሽ ይለኝ ነበር።

ከመንገዱ እኩሌታ ላይ አንድ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ የብረት የመብራት ምሰሶ አለ። ባንድ በኩል፣ ሰው እጁን ቢዘረጋ በሚያርፍበት ቁመት ላይ፣ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ያብለጨልጫል። በዚያች ከተማ የሚኖሩት ሐበሾች ይህን ምሰሶ መላሽ ይሉታል። ሕግም አለው፤ ሰው ሰውን ሲሸኝ መላሽ ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ ሁለቱም እጃቸውን ብረቱ ላይ ያሳርፋሉ፣ ተሸኚው «ደርሻለሁ» ይላል፣ ከዚያ ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተው አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ይሄዳሉ። ቤቱ ገና ሩቅ ቢሆንም ደርሻለሁ ነው የሚለው። ከመላሽ አልፎ የሸኘ ሰው በሚቀጥለው ሰንበት ለሐበሾቹ ማኅበር ሁሉ አይስክሬም ይገዛል።

ይህን ሳላውቅ ነው እኔ በደረስኩ በሦስተኛው ቀን የተዋረድኩት። የእስከዳር ጓደኛ ራት በልታ ስትወጣ ልሸኛት ተነሥቼ፣ እየተጨዋወትን ምሰሶው ጋ ስንደርስ ልጅቷ እጇን ብረቱ ላይ አድርጋ ደርሻለሁ ብላኝ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ምን አስቀየምኳት ብዬ ክው አልኩ። በአሰላ እንግዳ እንዲህ አይሸኝም፤ እስከ በር ብለን እስከ አጥር፣ እስከ አጥር ብለን እስከ ወንዝ ነው፤ እንግዳውም ክብር ካለው አንቺንማ ብቻሽን አልሰድሽም ብሎ ይመልሰኛል፣ እኔ ደግሞ መልሼ እሱን። እስከዳር ሆዷን ይዛ ስቃ ስቃ፣ ነገሩን ከምንጩ ስሚው ብላ ወደ ጋሼ መንበሩ ወሰደችኝ። ጋሼ መንበሩ ከመጀመሪያዎቹ የሐበሻ ተማሪዎች ጋር መጥተው፣ የጥርስ ሐኪም ሆነው እዚያው ያረጁ፣ ቀጭን፣ ነገር አዋቂ ሽማግሌ ናቸው። ቀጥሎ ያለው እሳቸውና በከተማዋ የቀሩት ሌሎች አዛውንቶች እንደሚነግሩት ነው፤ በሚለያዩበትም ቦታ ሁለቱንም አኑሬአለሁ።

በዚያ ዘመን፣ እንደሚነገረው፣ ይርዳው የሚባል የደብረ ብርሃን ልጅ ነበር፤ ድልድይ መሥራት ይማራል፤ የወንዶቹ ማደሪያ ከታች፣ ከደረጃው አጠገብ ነበር። ከእሱ ሁለት ዓመት ዘግይታ ደግሞ ፈለቀች የምትባል የኮምቦልቻ ልጅ መጣች፤ የጨርቃ ጨርቅ ትምህርት ነው የያዘችው፤ የሴቶቹ ማደሪያ ከላይ፣ ከማማው ሥር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐበሾቹ ተሰብስበው ሲለያዩ ይርዳው ፈለቀችን እስከ ማማው ይሸኛል፤ ከማማው ሥር ስትደርስ እሷ በዚህ ብርድ ብቻህን እንዴት ትመለሳለህ ብላ እስከ ደረጃው ትሸኘዋለች፤ ደረጃው ጋ ሲደርስ እሱ ሴት ልጅማ ብቻዋን አትሄድም ይላል። እንዲህ እየተባባሉ በበረዶም በጭቃም ሦስት ዓመት መንገዱን ፈጩት። ጓደኞቻቸው የጫማ ሶል ጠላቶች ብለው ይጠሯቸው እንደነበር ይነገራል። በዚያ ሁሉ መንገድ ስለ ፈተና አውርተዋል፣ ስለ አንድ መምህር ጢም አውርተዋል፣ ስለ ኮምቦልቻ ሙቀትና ስለ ደብረ ብርሃን ውርጭ ተከራክረዋል፤ አንዲቱን ነገር ግን አንዳቸውም አላነሡም። እሱ ትምህርቴን ቀድሜ እጨርሳለሁ፣ የሰው ልጅ አስሬ መሄድ ግፍ ነው ብሎ ዋጠው ይባላል። እሷ ደግሞ ሴት ልጅ ቀድማ አትናገርም ተብላ ያደገች ናት።

ኋላ የይርዳው ትምህርት አለቀና በሰኔ ወር፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በሚነሣው ባቡር ሞስኮ ገብቶ፣ ከዚያ በአውሮፕላን አገሩ እንዲመለስ ተወሰነ። እንግዲህ ሁላችንም እንደምናውቀው ሐበሻ አገሩ ሲገባ ያለውን ለቀሪው አከፋፍሎ ነው የሚሄደው፤ ይርዳውም ካፖርቱን ለአንዱ፣ ድስቱን ለሌላው፣ የእጅ ሰዓቱን ለመንበሩ ሰጠ። ሻንጣውን ጓደኞቹ ወደ ባቡር ጣቢያው ይዘውለት ወረዱ። እሱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፈለቀችን ሊሰናበት ወደ ማማው ወጣ። ያቺን ቀን ካልተናገረ መቼም አይናገርም፤ ባቡሩ ከሄደ ያ ነገር አብሮ ሄደ ማለት ነው፤ ይህን እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች፣ ዕቃውን የተካፈሉት ሁሉ ያውቃሉ።

እሷ ታዲያ ማማው ሥር ደኅና ግባ ብላ መለያየት አልሆነላትም፤ እስከ ደረጃው ልሸኝህ አለች። ደረጃው ጋ ሲደርሱ እሱ፣ ዛሬ እንኳ ብቻሽን ልስደድሽ እንዴ አለ። ወጡ። ማማው ጋ ሲደርሱ እሷ፣ የሚሄደው ሰው አንተ ሆነህ ሸኚው አንተ ትሆናለህ እንዴ አለች። ወረዱ። ሰዓሊው ቀና ብሎ አያቸው፣ አኮርዲዮን የሚጫወተውም አያቸው፤ እነሱ ግን ማንንም አላዩም፤ ሲሄዱ ይፈጥናሉ፣ ጫፍ ሲደርሱ ይቁነጠነጣሉ፣ ቃል እስከ ከንፈራቸው መጥቶ ይመለሳል፣ እንደገና ይዞራሉ።

በምሰሶው ሥር በዱካ ላይ ተቀምጠው የሱፍ ፍሬ የሚሸጡ አንዲት ሩሲያዊት አሮጊት ነበሩ፤ ሐበሾቹ እትዬ ክላቫ ይሏቸዋል። ሁለቱ ባለፉ ቁጥር እትዬ ክላቫ አንዲት ፍሬ ከጆንያው አንሥተው ዱካቸው አጠገብ ያስቀምጡ ነበር ይባላል። አንዳንዱ ሰባት ፍሬ ተደረደረ ይላል፣ አንዳንዱ አሥራ ሦስት፤ ጋሼ መንበሩ አሥራ ሦስት ነው ብለው ይምላሉ፤ እንዴት እንዳወቁ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ይርዳው ሰዓት የለውም። ቀና ብሎ ፀሐይቱን ያያል፤ ፀሐይቱ ገና ከቤቶቹ ጣራ በላይ ናት። በዚያ አገር በሰኔ ፀሐይ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ድረስ አትጠልቅም። አምስት ዓመት የኖረበትን ሰማይ ያን ቀን ረሳው፤ ልቡ ቀድሞት ደብረ ብርሃን ገብቶ ነበርና ፀሐይቱንም በደብረ ብርሃን ቆጠራት። ፀሐይ ካልጠለቀች አሥራ ሁለት ሰዓትም አልሞላ፣ ገና ነው እያለ ይዞራል። እሷም ገና ነው ሲላት ደስ እያላት ትዞራለች።

በመጨረሻ፣ ይርዳው ፈለቀችን ወደ ማማው እየሸኛት ወደ ላይ ሲወጡ፣ እትዬ ክላቫ ዱካቸውን አንሥተው መንገዱ መሐል ላይ አደረጉና ከሁለቱ ፊት ቆሙ። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ ልጆቼ፣ ዓይኔ ዞረ፣ ከሁለታችሁ የሚሄደው የትኛችሁ ነው ብለው ጠየቁ። ይርዳው የተቀሰረ ጣቱን ወደ ፈለቀች አደረገ፣ ያን ሰዓት እሱ ሸኚ እሷ ተሸኚ ናትና። ፈለቀች ደግሞ ጣቷን ወደ ይርዳው አደረገች፣ አገር ጥሎ የሚሄደው እሱ ነውና። እኔን የሚገድለኝ ይህ ነው። ሁለት የተማሩ ሰዎች፣ አንዱ ድልድይ ሊሠራ፣ አንዷ ፋብሪካ ልትመራ፣ ተጠቋቁመው ቀሩ። ሕዝቡም ቆሞ ያይ ጀመር፤ አኮርዲዮኑም ዝም አለ።

ዝም ባለበት ነው ከታች፣ ከወንዙ በኩል፣ ባቡሩ የጮኸው።

ይርዳው ክንዱን አንሥቶ አንጓውን አየ፤ ባዶ ነው። ፀሐይቱን አየ፤ እዚያው ናት። ደረቱ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ አብሮ የወደቀ ይመስል ትከሻው ዝቅ አለ ይላሉ። ሻንጣው ያለ እሱ ተጭኖ ኖሮ ብቻውን ሞስኮ ገባ። ፈለቀች ግን አላዘነችም፣ አልደነገጠችምም፤ እጇን ምሰሶው ላይ አሳርፋ፣ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ማንም ሳይለየው፣ ሦስት ዓመት የዋጠችውን አንዲት ቃል ተናገረችው። ያን ነው ለመጨረሻ ያስቀመጥኩት። ይርዳው ቃሉን ሲሰማ እጇን ያዘና እስከ ማማው ሳይሆን እስከ ማደሪያዋ በር፣ ከበሩም አልፎ እስከ ቤቱ ውስጠኛ ደረጃ፣ ወንድ ከዚህ አያልፍም የምትለው ዘበኛ ወለል መጥረጊያዋን እስክታነሣ ድረስ ሄደ። በዚያ ደረጃ ላይ ጠየቃት፤ በዚያው ደረጃ ላይ እሺ አለችው። እትዬ ክላቫም የደረደሯቸውን ፍሬዎች ሰብስበው ለሙሽሮቹ ብለው ለቆመው ሕዝብ አደሉ፤ አንዱ የደረሰው አንዱ ያልደረሰው ሆኖ ሳቅ ሆነ ይባላል።

ይርዳው በማግሥቱ የጧት ባቡር ሄደ፤ አውሮፕላኑንም እየሮጠ ደረሰበት። ፈለቀች ሁለት ዓመት ተምራ ስትጨርስ ተከተለችው። ደብረ ብርሃን ኖሩ የሚሉ አሉ፣ የለም የእሷ ፋብሪካ ኮምቦልቻ ስለነበር እሱ ነው የሄደው የሚሉ አሉ፤ ልጆቻቸው አራት መሆናቸውን ግን ሁሉም ይስማማሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው የቀሩት ተማሪዎች ተሰብስበው፣ እንዲህ ከሆነማ ማናችንም አገራችን አንገባም ብለው፣ ሸኚና ተሸኚ ምሰሶው ጋ እንዲለያዩ ሕግ ያወጡት፤ ስሙንም መላሽ ያሉት።

ጋሼ መንበሩ ይህን ነግረውኝ ሲጨርሱ እኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ይርዳው ሰዓቱን ለማን ሰጠ ነበር ያሉት?

«ጋሼ መንበሩ፣ ያ ሰዓት እርስዎ ክንድ ላይ አልነበረም እንዴ?» አልኳቸው።

ሽማግሌው ጥርሳቸውን በምላሳቸው አሹ፣ ጣራውን አዩ፣ እስከዳርን አዩ። ኋላ ሁሉንም አወጡት። ያን ቀን ከእትዬ ክላቫ ጎን ተቀምጠው ሱፍ እየፈለፈሉ ነበር፤ አሥራ ሦስቱንም ፍሬ አብረው ቆጥረዋል፤ ሁለቱ ባለፉ ቁጥር ሰዓቱን እያዩ ባቡሩ ስንት እንደቀረው ያውቁ ነበር።

«ታዲያ እንዴት ዝም አሉት?»

«ደብሪቱ፣ ብነግረውማ ይደርስበት ነበር» አሉኝ።

እኔ ወደ አገሬ ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ እሳቸው ቤት ምሳ ጠርተውኝ፣ ሲመሽ ሊሸኙኝ ተነሡ። ያቺው ፀሐይ ከጣራው በላይ ናት፤ ድቡ ይጨፍራል፣ ዝዩ ያብለጨልጫል፣ ሰዉ ይጎርፋል። እኔ በልቤ ሕግ ይፍረስ ብዬ፣ አይስክሬሙንም እከፍላለሁ ብዬ፣ ጋሼ መንበሩን መልሼ ልሸኛቸው ቆርጬ ነበር። ምሰሶው ጋ ስንደርስ ግን ክንዳቸውን አንሥተው ሰዓቱን አዩ፤ መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ማሰሪያው ሦስት ጊዜ የተቀየረ፣ ያው የይርዳው ሰዓት ነው። እጃቸውን በተላጠው ብረት ላይ አሳርፈው እኔን ጠበቁኝ። እኔም እጄን ከእጃቸው በታች አደረግሁ፤ ብረቱ በፀሐይ ሞቋል። ቤቴ አሰላ ሆኖ ሳለ ደርሻለሁ አልኩ። ለምን ደርሻለሁ እንደሚባል ያን ጊዜ ገባኝ፤ ፈለቀች በዚያች ቦታ፣ በዚያች ብረት ላይ፣ ባቡሩ ጮኾ ሲያበቃ ያለችው እንዲህ ነበርና፦

«ይርዳው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሸኘኸኝ፤ አንድ ቀን እንኳ አላደረስከኝም።»