ዳማ ሐረጎን አልወጣም ያለች ዕለት

ተረት ልንገራችሁ፤ ላም የለበትም፣ በረትም የለበትም። ያለው አንዲት አሮጌ መኪናና አገር የሚሞላ ፍርሃት ነው።

ኮምቦልቻ ውስጥ ጦይባ የምትባል ሴት ነበረች። የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው፤ ደሴ ወጥታ ከልጇ ከሰኪና አልጋ አጠገብ መቀመጥ። ሰኪና የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ደርሷል። በስልክ፣ "እማዬ፣ አንቺ ካልመጣሽ እፈራለሁ" አለቻት። "መጣሁ" አለች ጦይባ። መጣሁ ማለት ቀላል ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ ለመድረስ የሐረጎን ዳገት መውጣት ያስፈልጋል፤ መንገዱ ባንድ ወገን ተራራ፣ ባንድ ወገን ገደል ይዞ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ክረምቱ ተራራውን ንዶ አስፋልቱን ቆርጦታል፤ የቀረው ተለዋጭ መንገድ ጭቃ ነው። አውቶቡስ ቆሟል። ላንድክሩዘር ያላቸው ሰዎች ደግሞ ሁሉም ባንድ ጧት ነዳጅ አልቆባቸዋል።

ጦይባ ግን ዳማ አለቻት። ዳማ፣ ባሏ ኑሩ፣ አላህ ይዘንለትና፣ በጉብዝናው ዘመን ይሽቀዳደምባት የነበረች ባለሁለት በር መኪና ናት፤ በቀለሟ የፈረስ ስም አወጣላት። ጦይባ መሪውን ጨብጣ ወደ ዳገቱ ነዳቻት። የመጀመሪያው ጭቃ ላይ የኋላው ቀኝ ጎማ ብቻውን ሾረ፤ ግራው ቆሞ ተመለከተ። ዳማ ወደ ገደሉ ተንሸራተተች፣ አንድ ድንጋይ ያዛት።

"ዳማዬ፣ ውጪልኝ" አለች ጦይባ።

"አልወጣም" አለች ዳማ። "ዲፈረንሻሌ ሁለቱን ጎማ ካልያዘልኝ ገደሉን እፈራለሁ።"

ዳማ ካልወጣች፣ እናት ልጇ ዘንድ አትደርስም።

ጦይባ ጎንበስ ብላ፣ በኋላ ጎማዎቹ መካከል እንደ ዱባ ያበጠውን ብረት ለመነችው። "ያዝልኝ።"

"አልይዝም" አለ ዲፈረንሻሉ። "አንዱ ጎማ ሲሾር ሌላውን ጨብጬ አብሬ የማስኬድባቸው ሳህኖች ነበሩኝ። የእኔ ዘይት ሲጠፋ የጭነት መኪና ዘይት ሞላችሁብኝና ሳህኖቹ ተበሉ። መካኒኩ ይመር በሌላ ይተካኝ እንጂ እኔ ሰው ገደል መክተት እፈራለሁ።"

ይመር ካልተካ፣ ዲፈረንሻል አይዝም፤ ዲፈረንሻል ካልያዘ፣ ዳማ አትወጣም፤ ዳማ ካልወጣች፣ እናት ልጇ ዘንድ አትደርስም።

ጦይባ ዳማን ቀስ ብላ ወደ ኋላ አውርዳ ይመር ጋራዥ ገባች። ይመር እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰማት።

"ዲፈረንሻሉን መበየድ ይቻላል፣ እትዬ ጦይባ" አለ። "ሁለቱ ጎማ ዕድሜ ልካቸውን አንድ ይሆናሉ።"

"በይደዋ።"

"ጭቃ ላይ ጀግና ነው። መታጠፊያ ላይ ግን የውስጡና የውጭው ጎማ እኩል አንዞርም ብለው ይጣሉና መኪናዋ አልታጠፍም ብላ ቀጥታ ትሄዳለች። ሐረጎ ላይ ቀጥታ መሄድ የት እንደሚያደርስ ያውቃሉ።"

"ሌላስ የለም?"

"ባለጥርሱ ዲፈረንሻል አለ፤ ሳህን የለውም፣ አያልቅም። ደልዳላ መንገድ ቢሆን እሱኑ በገጠምኩልዎት። ጉድጓድ ገብታ አንዱ ጎማ አየር ላይ ከተንጠለጠለ ግን ሌላውንም ይለቀዋል። ለዚህ መንገድ የራሷ ዓይነት ባለሳህን ነው የሚሆናት። አምሳያዋ አራጋው ግቢ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ከሷ ፈትቶ ካልሰጠኝ አልተካም። ሌላ ገጥሜ ቀብርዎ ላይ መቆም እፈራለሁ።"

አራጋው ካልፈታ፣ ይመር አይተካም፤ ይመር ካልተካ፣ ዲፈረንሻል አይዝም፤ ዲፈረንሻል ካልያዘ፣ ዳማ አትወጣም፤ ዳማ ካልወጣች፣ እናት ልጇ ዘንድ አትደርስም።

አራጋው የኑሩ የድሮ የሽቅድድም ተፎካካሪ ነው። ግቢው ውስጥ የቆመችው መኪና የታናሽ ወንድሙ የውብሸት ናት። ውብሸት ከሐረጎ ገደል የገባው በሷ ነው፤ ፊቷ ተጨፍልቆ ከወገቧ በታች ደህና ሆና ወጣች፣ እሱ አልወጣም።

"ጦይቤ፣ ሌላ ነገር ጠይቂኝ" አለ አራጋው። "እናቴ፣ ከዚች መኪና አንድ ቡሎን የነካ እጁ ይድረቅ ብላለች።"

"ትልቅ ሰውዬ አይደለህም እንዴ?"

"ነኝ። እጄን ግን እወደዋለሁ። እሷ ካልሰጠች አልፈታም፤ የእናት እርግማን እፈራለሁ።"

እናቱ እማማ ደብሪቱ በሩን ገርበብ አድርገው በስንጥቁ አናገሯት።

"ልጄን ያ መንገድ ሲወስደው ማን ጠየቀኝ?" አሉ። "ከእንግዲህ ከዚህ ቤት የሚወጣ ነገር እንደ ሴት ልጅ በሽማግሌ ይጠየቃል። ሽማግሌ ላኪ።" በሩ ተዘጋ።

ሽማግሌ ካልሄደ፣ እማማ ደብሪቱ አይሰጡም፤ እማማ ካልሰጡ፣ አራጋው አይፈታም፤ አራጋው ካልፈታ፣ ይመር አይተካም፤ ይመር ካልተካ፣ ዲፈረንሻል አይዝም፤ ዲፈረንሻል ካልያዘ፣ ዳማ አትወጣም፤ ዳማ ካልወጣች፣ እናት ልጇ ዘንድ አትደርስም።

ሽማግሌዎቹን ሐጂ ሙሄ ቤት ተሰብስበው አገኘቻቸው። ሰው አስታርቀው፣ ደም አድርቀው የኖሩ፣ የተከበሩ ሰዎች ናቸው።

"ልጅ ስንጠይቅ ኖረናል" አሉ ሐጂ ሙሄ። "ዲፈረንሻል ግን ጠይቀን አናውቅም።"

"ብትጠይቁ ምን አለው፣ ሐጂ?"

"የደብሪቱ ምላስ አለው። ሽማግሌ ደግሞ ጉዳዩ ሳያልቅ አይቀመጥም። እሷ እሺ አትል፣ እኛ አንቀመጥ፤ በዚህ ጉም ደጅ ቆመን ልንደርቅ ነው? ጉሙ ይነሣና እንሄዳለን።" ሌሎቹም፣ እውነት ነው፣ ጉሙ ይነሣ አሉ። እያንዳንዳቸው ጋቢያቸውን ሳብ አደረጉ።

እንግዲህ ጦይባ ጉሙን ልትለምን ወደ ዳገቱ ግርጌ ሄደች። ጉሙ ከሐረጎ ወርዶ መንገዱን ውጦ ተኝቷል። ገደሉ አይታይም፤ የማይታይ ገደል ከሚታየው ይከፋል። ከላይ አንድ ድንጋይ ተንከባለለ፤ ሲያርፍ አልተሰማም።

"ተነሥልኝ" አለችው።

ብረት እንኳ መልሶላት ነበር። ጉም አይመልስም።

ጉም ካልተነሣ፣ ሽማግሌ አይሄድም፤ ሽማግሌ ካልሄደ፣ እማማ ደብሪቱ አይሰጡም፤ እማማ ካልሰጡ፣ አራጋው አይፈታም፤ አራጋው ካልፈታ፣ ይመር አይተካም፤ ይመር ካልተካ፣ ዲፈረንሻል አይዝም፤ ዲፈረንሻል ካልያዘ፣ ዳማ አትወጣም፤ ዳማ ካልወጣች፣ እናት ልጇ ዘንድ አትደርስም።

ስልኳ ጮኸ።

"እማዬ፣ የት ደረስሽ? ምጡ ጀምሮኛል።"

ጦይባ አፏን ከፈተች። ጉሙ፣ ሽማግሌዎቹ፣ የአራጋው እጅ፣ ሁሉም ምላሷ ላይ ተሰልፎ ነበር። አንዱም ውሸት አልነበረም። ግን አንድ ሰው እምቢ ባላት ቁጥር ደረቷ ቀለል ይላት እንደነበር ያን ጊዜ አወቀች። ያን ሁሉ ደጅ ስትጠና፣ አትሂጂ የሚላት ሰው ፍለጋም ነበር።

"ፈርቼ ነው የቆየሁት" አለች።

"እኔም ፈርቻለሁ" አለች ሰኪና። "ፈርተሽም ቢሆን ነይ።"

ጦይባ ጉሙን እዚያው ትታው እማማ ደብሪቱ ደጅ ሄዳ ቆመች።

"ሽማግሌዎቹስ?" አሉ እማማ በስንጥቁ።

"ፈሩ።"

"ምኑን?"

"እርስዎን።"

"አንቺስ አልፈራሽኝም?"

"እርስዎንም ፈርቻለሁ፣ መንገዱንም ፈርቻለሁ። ልጄ ምጥ ላይ ናት።"

በሩ ተከፈተ። እማማ ደብሪቱ ቀጭን፣ ጥቁር የለበሱ ሴት ናቸው። "ግቢና ተቀመጪ።"

"ጉዳዬ ሳያልቅ አልቀመጥም።"

ሽማግሌዎች የሚሉትን ቃል ሴት ብቻዋን ስትለው እማማ ሰምተው አያውቁም።

"ውብሸት ያን ቀን ከዚሁ ደጅ ቆሞ፣ እማ፣ እኔ ሐረጎን አልፈራም ብሎኝ ሄደ" አሉ። "የማይፈራ ሰው ቢጠይቀኝ ቡሎን አልሰጥም ነበር። አንቺ ቀስ ብለሽ ትነጃለሽ። ውሰጂ።"

ያን ጊዜ ጦይባ ተቀመጠች።

እማማ ሰጡ፤ እማማ ሲሰጡ፣ አራጋው እጁን ደጋግሞ እያየ ፈታ፤ አራጋው ሲፈታ፣ ይመር ተካ፣ የዲፈረንሻሉንም የራሱን ዘይት ሞላ፤ ይመር ሲተካ፣ ዲፈረንሻል ያዘ፤ ዲፈረንሻል ሲይዝ፣ ዳማ ወጣች። ሽማግሌዎቹም ጉዳዩ ካለቀ በኋላ መጥተው ተቀመጡ፤ ወጉ እንዳይቀር። ጉሙ ግን አልተነሣም።

በዚያ ጉም ውስጥ ጦይባ እንደ ዔሊ ነዳች። ናዳው ላይ ቀኙ ጎማ ሊሾር ሲል ግራው መሬቱን ነከሰ፣ ዳማ ጓጉራ ወጣች። ውብሸት የገባበት መታጠፊያ ላይ ከዚያም ይበልጥ ቀስ አለች፤ ፈርታለች፣ መሪውን ግን አዞረችው። ደሴ ስትደርስ ጭቃ በጭቃ ሆና ወደ ክፍሉ ገባች። ሰኪና እጇን ዘረጋች፤ ጦይባም ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠች።

ተረቴ ይኸው ነው። አፌን የምታብሱበት ዳቦ ካላችሁ ለአራሷ ውሰዱላት፤ ስትወጡም ፈርታችሁ ውጡ።