ተከሳሹ ታንኳ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሐይቁን ደንገል ከሚባል የውሃ ዳር ተክል በታሰረ ታንኳ ይሻገሩ በነበረበት ዘመን፣ እመት አህያ ባሏንና የገብስ ዘሯን ጭና ወደ ማዶ ትቀዝፍ ነበር። እርሻዋ ማዶ ነው። ዝናቡ ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶታል። የጠዋቱ ጭጋግ ገና አልተነሣም። ከየት መጣ ሳይባል አንድ ታንኳ ተወርውሮ የእሷን ታንኳ ጎኑን መታውና ለሁለት ከፈለው። ገብሱ ለዓሣ ሲሳይ ሆነ። ገጪው ግን «እግዜር ያትርፋችሁ» እንኳ ሳይል በጭጋጉ ውስጥ ተሰወረ።

እመት አህያ እየዋኘች፣ እያነጠሰች፣ ባሏንም እየጎተተች ከዳር ደረሰች። ግማሹ ዘር ገና ቤቷ አለ፤ የሚያሻግረው ታንኳ ግን የለም። በሦስት ቀን ውስጥ ካልተሻገረ ዓመቱን ሙሉ ጦሟን ማደሯ ነው። ስለዚህ ወደ ጌታ አንበሳ ችሎት ሄዳ «አቤት!» አለች።

የአንበሳ ችሎት ፍትሕ በመውደዱ የታወቀ ነው። ወዲያው አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴውም በመጀመሪያ ምሳውን በላ። ከዚያ በኋላ የሐይቁን ዳር ዞሮ ቄጠማ ውስጥ የተደበቀ፣ አፍንጫው የተጨፈለቀ ታንኳ አገኘ። በደንገሎቹ መካከል የገብስ ፍሬ ተሰክቷል። የችሎቱ ዘብ ጉማሬ ጎትቶ አመጣና ከአንበሳ ፊት አስቀመጠው። ይህ ጉማሬ ራሱ ባለፈው ወር አንድ ያልታወቀ ታንኳ ገጭቶት ቅንድቡ እስከ ዛሬ እንዳበጠ ነው። አቤት ግን አላለም፤ ዘብ ሆኖ አቤት ማለት ያሳፍራል።

«የማን ነው?» አለ አንበሳ።

የሁሉም ዓይን ወደ አያ ጅቦ ሄደ።

«አያ ጅቦ፣ ያንተ ነው እንዴ?»

በዚያው ጠዋት ማዶ አንድ በሬ ገደል ገብቶ ሞቶ ነበር። አያ ጅቦም ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ከፊት ተቀምጧል። «እኔ? ጌታዬ፣ እኔ እኮ እግረኛ ነኝ! ውሃ ስጠጣ እንኳ ያዞረኛል» አለ።

ምስክር ተብሎ የእመት አህያ ባል ቀረበ። አያ ጅቦን አየ፤ የአያ ጅቦን ጥርስ አየ። «እኔ ያን ሰዓት ዓይኔን ጨፍኜ ነበር» አለ። የአህያ ባል ከጅብ እንደማያስጥል ችሎቱ አስቀድሞ ስለሚያውቅ በምስክርነቱ ቅር አልተሰኘም።

ከዚያ ጸሐፊው ዝንጀሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ተከሳሽ ታንኳ! ባለቤትህ ማን ነው?»

ታንኳው አልመለሰም። ሦስት ጊዜ ተጠየቀ፤ ሦስት ጊዜ ዝም አለ። ዝንጀሮው «ተከሳሹ ችሎት ደፍሯል» ብሎ ጻፈ። አንበሳም፣ «ፀሐይ እስክትጠልቅ ባለቤቱ ካልተገኘ ታንኳው ለችሎቱ ይወረሳል» ሲል በየነ። ከዚህ ብይን በኋላ ኮሚቴው ባለቤቱን ለማግኘት የነበረው ጥድፊያ በጣም ረገብ አለ።

«እኔስ?» አለች እመት አህያ።

«አንቺማ አቤቱታሽ ተመዝግቧል» አለ ዝንጀሮው በደግነት።

ይህን ጊዜ እመት ቀበሮ ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ብድግ አለች። «ጌታዬ፣ ሺህ ዓመት ይንገሡ! ተከሳሹ እንደራሰ ችሎት ፊት መቅረቡ ነውር አይደለም? ደግሞስ ማታ የእርስዎ የሚሆን ታንኳ ዝም ብሎ ይበስብስ?»

«ይድረቅ!» አለ አንበሳ።

የደንገል ታንኳ ከውሃ ሲወጣ ጅራቱ መሬት ላይ፣ አፍንጫው ወደ ሰማይ ሆኖ፣ ዛፍ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል። በሐይቁ ዳር ይህን የማያውቅ ፍጥረት የለም። እመት ቀበሮ ግን በዚያ ቀን ድንገት ሁሉ ነገር ጠፋባት። «ነይ እስቲ ያዢልኝ፣ እህቴ» ብላ ከአህያ ጋር ታንኳውን ገልብጣ በድንጋይ ላይ ጎተተችው። አያ ጅቦ መዳፉን ነከሰ።

«ይኼ ደንገሉን ያሰረው ገመድ ደግሞ ምን እንዲህ ወጠረው? በጥርሴ ልበጥሰው ነው መሰለኝ» አለች ቀበሮ።

«ኧረ ገመዱን ተይው!» አለ አያ ጅቦ። ሁሉም ዞረው አዩት። «ማለቴ... ስለ ገመድ በጠቅላላው ነው የተናገርኩት።»

«እውነትህን ነው፤ አንተ እግረኛ ነህ» አለች ቀበሮ። «በይ እህቴ፣ አሁን በአፍንጫው እናቁመው። ግራ ጎኑን ወደ ግንዱ አድርጊው።»

ታንኳው በተጨፈለቀ አፍንጫው ቆመ። ደንገሉ «ቀጭ!» አለ። አያ ጅቦ ከነሆዱ ዘለለ።

«በጅራቱ! በጅራቱ ነው የሚቆመው፣ እናንተ ደንቆሮዎች! በግራም አታስደግፉት፣ ውስጡ ስብር ነው! ሁለት ወር ሙሉ ደንገል ያጨድኩበት...»

ችሎቱ ጸጥ አለ። አያ ጅቦም ጸጥ አለ፤ ግን ዘግይቶ።

ዝንጀሮው ብዕሩን አነሣ። «አያ ጅቦ፣ ከላይ ሲታይ ግራ ጎኑ ደህና ነው። ውስጡ መሰበሩን በምን አወቅህ?»

«እንዴት አላውቅ! ባለፈው ወር ከጉማሬው ቅንድብ ጋር ስንጋጭ አይደል የተሰበረው!» አለ አያ ጅቦ ደረቱን ነፍቶ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠየቀውን በትክክል በመመለሱ ደስ ብሎት ነበር።

ጉማሬው ቅንድቡን ዳሰሰ። ቀስ ብሎ ተነሣ። «አንተ ነበርክ?»

አንበሳ፣ ማታ የእሱ ሊሆን የነበረውን ታንኳ በኀዘን ተመልክቶ ፈረደ። «ታንኳው ለእመት አህያ ይሰጥ። ጅቦም ዘሩ ተዘርቶ እስኪያልቅ በየቀኑ እየቀዘፈ ያሻግራት።»

አያ ጅቦ ከንፈሩን ላሰ። «በደስታ ጌታዬ! ፍርድ ማለት እንዲህ ነው! ባሏም ይምጣ፣ ቦታ አለ።»

«ጌታዬ» አለች እመት አህያ ዝቅ ብላ እጅ ነሥታ፣ «ታንኳውን እቀበላለሁ። ቀዛፊውን ግን ለጉማሬው ይስጡልኝ።»

እንዳለችው ሆነ። የታንኳውን አፍንጫ መልሳ አሰረች፤ በጅራቱ አቁማ፣ በቀኝ ጎኑ አስደግፋ አደረቀችው፤ በማግስቱም ገብሷን አሻገረች። ዝናቡ ሲመጣ ዘሩ መሬት ገብቶ ጠበቀው። አያ ጅቦ በጉማሬው ጠባቂነት እስከ ዛሬ ደንገል ያጭዳል። ኮሚቴውም አልተበተነም፤ የታንኳው ባለቤት ማን እንደሆነ ማጣራቱን እንደቀጠለ ነው።

ከዚህ የምንማረው፣ ጥፋቱን «የኔ አይደለም» ብሎ የካደ ሁሉ ንብረቱ በአፍንጫው ሲቆም ግን ዝም ማለት እንደማይሆንለት ነው።