ሸዋፈራሁ የዘጋው ገበያ

ሁለት ወዳጆች በሰው አፍ ብቻ ሲነጋገሩ ያየ ሽማግሌ ጣል የሚያደርጋት አንዲት አባባል አለች። ዛሬ የሚሰማት ሁሉ ፈገግ ይላል። መጀመሪያ ስትነገር ግን ፈገግ ያለ ሰው አልነበረም፤ የወጣችው ከተቆጣ ሕዝብ መካከል ነው።

ከደጋው ወርዶ፣ ከቆላው ወጥቶ፣ ገደሉ ወገብ ላይ ባለች ሜዳ ሰው የሚገናኝበት ገበያ ነበር። ደገኛው ገብስና ባቄላ ይዞ ይወርዳል፤ ቆለኛው ማሽላና በርበሬ ይዞ ይወጣል። ባሏ ከሞተ ወዲህ እርሻዋን ራሷ እያሳረሰች የምታድር አንጓች የምትባል የደጋ ሴት ከዚያ ገበያ ቀርታ አታውቅም። ደንበኛዋ ሉባባ የምትባል ቆለኛ ነበረች። ሁለቱ የተዋወቁት በልጅነታቸው እናቶቻቸውን ተከትለው ሲመጡ ነው። ሲለዋወጡ ቁናውን በልኩ አይሰፍሩም፤ አንዷ ከምራ ትሰጣለች፣ ሌላዋ በላዩ ትጨምራለች። ቆላው ዝናብ ባጣበት ዓመት አንጓች "መኸር ሲደርስ ትመልሽልኛለሽ" ብላ ገብስ ታሸክማታለች። ደጋውን ውርጭ ሲመታው ደግሞ ሉባባ ማሽላ ጭና ትደርስላታለች። ሌላውም ሰው እንደነሱ ነበር። በዚያ አገር ክፉ ዘመን የሚታለፈው እንዲህ ነው።

አንድ መኸር ላይ ሸዋፈራሁ የሚባል ነጋዴ አጋሰሶቹን ነድቶ የደጋው ጭቃ ሹም ቤት መጣ። ጭቃ ሹሙ ቸኮል የአንጓች ታናሽ ወንድም ነው።

"ይህ ገደል ሰዉን ጨረሰው እኮ፣ ጭቃ ሹም" አለ ሸዋፈራሁ ጠላው ከቀረበለት በኋላ። "እኔ እህላችሁን ከአውድማችሁ ላይ አነሳለሁ። በርበሬውንም ማሽላውንም ደጃችሁ ድረስ አመጣለሁ። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ሰዉ ገበያ አይውረድብኝ።"

"ይኸማ የሚጠቅመው ለእኛው ነው" አለ ቸኮል፣ ማንንም ሳያማክር። ነጋዴው አንድ ሰጋር በቅሎ ትቶለት ሄደ። በማግስቱ ገበያ የወረደ ሰው በሬ ይቀጣል ተብሎ ታወጀ። ሸዋፈራሁ ቆላ ወርዶም ከቆላው ሹም ጋር ይህንኑ ተዋዋለ።

አንጓች አዋጁን ሰምታ ወንድሟ ዘንድ ሄደች።

"ገበያውን የሸጥከው ማንን ጠይቀህ ነው?"

"ገበያ አልሸጥኩም እትዬ። ድካማችሁን ነው የሸጥኩላችሁ።"

"ድካሜን ሽጥልኝ ያለህ ማን ነው? የምወርደው ለበርበሬ ብቻ መሰለህ? እዚያ ሰው አለኝ።"

ቸኮል ዞሮ ነጋዴው የተወለትን በቅሎ አንገት ያሻሽ ጀመር።

የመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ነበር። ሰዉ ቁጭ ብሎ ሸጠ፣ ቁጭ ብሎ ገዛ። ሸዋፈራሁም ገበያው ከነበረበት ሜዳ ላይ ትልቅ ጎተራ ሠራ። ሜዳው ሳር ካበቀለና የእግር መንገዱ ከጠፋ በኋላ ግን የነጋዴው ቁና ሁለት ሆነ፤ ሲገዛ የሚሰፍርበት ሰፊ፣ ሲሸጥ የሚሰፍርበት ጠባብ። በርበሬም ጠፋ። ሲጠይቁት "ምን ላድርግ? ቆለኞቹ ለደገኛ አንሸጥም አሉ፤ ጠልተዋችኋል" ይላል። ቀጥሎ በመጣው መኸር ደግሞ አውድማ ላይ የተከመረውን ገብስ እያየ ፊቱን አጨማደደ።

"ገብስ ማን ይፈልጋል? ቆላው ጠግቧል። እንግዲህ ለእናንተ ስል ልውሰደው" አለና በውኃ ዋጋ ጠርጎ ወሰደው።

አንጓች ማሳዋ ላይ ሆና ስታይ የሸዋፈራሁ አጋሰሶች ገብሱን ጭነው ቁልቁል ይወርዳሉ፤ ባዶአቸውን ይመለሱና እንደገና ጭነው ይወርዳሉ። የጠገበ አገር ይህን ሁሉ ገብስ ምን ያደርገዋል? በመጨረሻ የቀራትን ገብስ በአህያዋ ጭና በጠራራ ፀሐይ፣ በወንድሟ ደጅ አልፋ ወረደች።

"እትዬ፣ በሬሽን እወስዳለሁ" አላት ቸኮል ከአጥሩ ውስጥ።

"ውሰድ" አለችው፤ አልቆመችም።

ሉባባን ደጃፏ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ከስታለች። አንጓችን ስታይ አልተነሳችም።

"ምን ልታይ መጣሽ?" አለች።

"አንቺን ነዋ። ምን ሆነሻል?"

"ከላይ ሆናችሁ ረሃባችን አልታያችሁም? ዝናብ እምቢ ካለን ከረመ። ሸዋፈራሁ ስንት ለምኖልን 'ለቆለኛ ከምንሰጠው ይንቀዝ' አላችሁ አሉ። እሱ እየቆነጠረ የሚያመጣውን ነው የቀመስነው። ላሜን ሰጥቼው አንዲት ስልቻ ገብስ ሰጠኝ። ስልቻዋ አለቀች። ከዚያ ትንሿን ልጄን ቀበርኳት። አንጓች ብትሰማም አትመጣም ብዬ ነው የቀበርኳት።"

አንጓች ያቺን ልጅ በጀርባዋ አዝላት ታውቃለች። ከአህያዋ ላይ ገብሱን አውርዳ ሉባባ ፊት አስቀመጠችና እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች።

"ለእኛ ቆላው ጠግቧል አለን። ጠልተዋችኋል አለን። አንሰጥም ያለ ሰው የለም ሉባባ፤ የጠየቀንም የለም። ገብሳችንን ረክሷል ብሎ ነው የወሰደው።"

ሉባባ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ከዚያ ነጠላዋን አደገደገችና፣

"ተነሺ። ይህን ለሼህ ይማም ትነግሪያቸዋለሽ" አለች።

ሼህ ይማም በደጉ ጊዜ የገበያውን ጠብ የሚዳኙ፣ ደገኛውም ቆለኛውም የሚያምናቸው ሽማግሌ ናቸው። ሰምተው ሲያበቁ "በገበያው ቀን ሁሉም እሜዳው ይምጣ" ብለው ላኩ። አንጓች ደጋ ተመልሳ በየቤቱ ዞረች። ቅጣቱን የፈራ ነበር።

"በሬ በሬ ትሉኛላችሁ? ሰው ሞቷል። የሉባባ ልጅ የሞተችው የእኛን ገብስ ተከልክላ ነው" አለቻቸው። የሰማት ሁሉ ተከትሏት ወረደ፤ ቸኮልም ከኋላ መጣ።

ሁለቱ አገር ከጎተራው ፊት ተገናኘ። ደገኛው የቆለኛውን የገጠጠ አጥንት አይቶ አንገቱን ደፋ። ሼህ ይማም ጎተራው ደጅ ያገኙትን ሸዋፈራሁን ከመሀል አቆሙት።

"ደጋ ስትወጣ ስለ ቆላ ምን ትል ነበር?"

"እኔ ነጋዴ ነኝ ሼሁ። ትርፌን ነው የፈለግሁት፤ በእጄ ማንንም አልነካሁም።"

"እሱን አልጠየቅሁህም።"

"'ጠግበዋል፣ ጠልተዋችኋል' ነው ያለን" አሉ ደገኞች።

"'ይንቀዝ እንጂ አንሰጥም ብለዋል' ነው ያለን" አሉ ቆለኞች።

ሸዋፈራሁ ወደ ጎተራው በር አፈገፈገ። አንጓች ድንጋይ አነሳች። እጇን የያዘቻት ሉባባ ናት።

"ተይው። እሱን ገድለን ጎተራውን ዘመዶቹ ከሚወርሱት፣ በእጁ ይክፈተው።"

ከፈተው። ገብሱ እስከ ጣሪያው ተከምሯል፤ የታችኛው ነቅዞ ዱቄት ሆኗል። ከቆለኞቹ መካከል እንደ ማቃሰት ያለ ድምፅ ወጣ። ሉባባ ከነቀዘው አንድ እፍኝ ዘግና በሸዋፈራሁ ፊት ይዛ ቆመች። እሱ ሊያያት አልቻለም።

የዚያኑ ዕለት ደህናው እህል ለቆላ ተሰፈረ። ሸዋፈራሁ አጋሰሶቹን ብቻ ይዞ አገሩን ለቀቀ። ጎተራው ግን አልፈረሰም። በየመኸሩ ሁለቱም አገር ከሰብሉ ሊያስገባበት፣ ያጣ ወስዶ ሲያገኝ ሊመልስበት ተማማሉ። በሩ ሁለት ቁልፍ ወጣለት፤ አንዱ ለአንጓች፣ አንዱ ለሉባባ ተሰጠ፤ ያለ ሁለቱ አይከፈትም። ቁናውም አንድ ብቻ ሆነ።

ቸኮል አዋጁን ሽሮ በቅሎዋን ለገበያው ሰጠ። አንጓች ግን እሱን ለማናገር ገና አንጀቷ አልቻለም። ሰዉ ሊበተን ሲል ቸኮል ወደ ሽማግሌው ተጠጋና፣

"ሼሁ፣ እንዲህ ያለ ተራ ውሸት ያን ሁሉ ጊዜ እንዴት አታለለን?" አለ።

ሼህ ይማም ሳር የዋጠውን መንገድ አዩ፤ ንዴታቸው አልበረደም ነበርና ፊታቸውን ሳይመልሱ፣ "መንገዱን የዘጋህለት አንተው ነህ፤ ደጋና ቆላ ካልተገናኘ፣ መሀል የቆመ ሲሳይ አገኘ" አሉት።