የአያ ጓንጉል የገና ዱላ

በአንድ ወቅት፣ ሰው ጎረቤቱን በአደባባይ የሚሳደበው በገና ጨዋታ ቀን ብቻ በሆነበት አገር፣ ላይ ሜዳና ታች ሜዳ የሚባሉ ሁለት መንደሮች ነበሩ። በየዓመቱ በገና ቀን ዱላቸውን ይዘው ይገጥማሉ። የሚመቷት ሩር ከወይራ ሥር የተጠረበች ክብ እንጨት ናት። ሕጉ ጥቂት ነው። ሩርን በእጅ መንካት የለም። የወደቀችበት ገብቶ መጫወት ነው፤ ወንዝ ብትገባም ተከትሎ ወንዝ መግባት ነው። ሩርን የተጋጣሚውን ወሰን ያሳለፈ ያሸንፋል። ፀሐይ ተራራውን ስትነካ ጨዋታው ያበቃል።

የላይ ሜዳ አለቃ አያ ጓንጉል ነበሩ። ዱላቸውን ከአባታቸው ነው የተቀበሉት። ያንን ዱላ የያዘ ቡድኑን ይመራል፤ ማን እንደሚሰለፍ፣ ማን እንደሚቀር እሱ ይለያል። አሁን ግን ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ስለዚህ የጨዋታው ዕለት ጠዋት እንዲህ አሉ፦

«ዛሬ ያሸነፈልን ልጅ ይውሰደው።»

መንደሩ ተስፋ የጣለባቸው ሦስት ወጣቶች ነበሩ። ሽመክት ክንደ ብርቱ ነው፤ ሩርን ሲመታት ዓይን አይከተላትም። አንለይ ፈጣን ነው፤ ፍርሃት የሚባል ነገር አያውቅም። ይርዳው ብዙም አይሮጥም። ቆሞ ያያል፤ ሩር የምትደርስበት ቦታ ላይ ግን ከእሷ ቀድሞ ይገኛል። በዚህም ሰነፍ የሚሉት ነበሩ።

የዚያን ዕለት ማንም ማንንም ሳያሸንፍ ፀሐይ አዘቀዘቀች። ታች ሜዳዎች ላይ ሜዳዎችን ከወሰናቸው ጥግ አፍነው ያዟቸው።

«ዱላችሁን ወደ ቤት ውሰዱት፣ ሽሮ ያማስሉበት!» እያሉ ይጮኻሉ።

«ሽሮውን እናንተ ይዛችሁ ኑ!» ይላሉ ላይ ሜዳዎች፣ በተጨነቀ ድምፅ።

ሽመክት በዚያ ግፊያ መሐል ሩርን አገኛት። ክንዱን ወደ ኋላ ወስዶ መታት። ድምፁ ከገደሉ ተመልሶ ተሰማ። ከራስ በላይ፣ ከግራሩም ጫፍ በላይ ሄደች። ጭልፊት እንደዚያ ከፍ ስትል አይተናል፣ እንጨት ግን አይተን አናውቅም አሉ ሽማግሌዎቹ። ሜዳውን ሁሉ አቋርጣ፣ ከታች ሜዳ ወሰን አጠገብ ባለው ገደል ወርዳ ወንዝ ገባች።

ሁሉም ሮጦ አፋፉ ላይ ቆመ። ወንዙ ከዚያ ዝቅ ብሎ በፏፏቴ ይወርዳል፤ በዚያ የወረደ አይመለስም። አንለይ ግን አልቆመም። በሩጫው እንዳለ ዘሎ ገባ። እናቱ «ልጄን!» ብላ ጮኸች። ውሃው እስከ ደረቱ ዋጠው። ሩር ከፏፏቴው አፍ ልትወርድ ስትል በዱላው ቆልማማ ጫፍ ጠለፋት፤ ዝቆም ወደ ላይ ሰደዳት። ወዲያው ውሃው አዳፋው። የዛፍ ሥር ይዞ ተረፈ፤ ዱላው ግን በፏፏቴው ሄደ።

ሩር ከገደሉ ስትወጣ በታች ሜዳ ወሰን ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ ይርዳው። ሽመክት ሲመታ ሌላው ወደ ገደሉ ሲሮጥ፣ እሱ ወደዚያ ሄዶ ቆሞ ነበር። ለምን እንደቆመ ለማንም አልገባም። ሩር መጥታ እግሩ ሥር አረፈች። የተኛ ሕፃን እንደሚያቀና ሰው በዱላው ቀስ አድርጎ ገፋት። ወሰኑን አለፈች። ፀሐይም ተራራውን ነካች።

ያሸነፉትም እንኳ ቶሎ አልጨፈሩም።

«ጓንጉል» አሉ የታች ሜዳው አለቃ አያ ተሰማ በመጨረሻ፣ «ዘንድሮስ ስድብ አጣሁልህ።»

አያ ጓንጉል ዱላቸውን ተደግፈው መጡ። «ያሸነፈልን የታል?»

«እኔ ነኝ አያ» አለ ሽመክት። «ባልመታት ከወሰናችን መች ትወጣ ነበር?»

«መትተህ ወንዝ ከተትሃት እንጂ!» አለ አንለይ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። «እኔ ባልገባ ይሄኔ ዓሣ ይጫወትባት ነበር።»

«የራሱን ዱላ ውሃ ያስወሰደ የአያን ዱላ ሊጠብቅ?» አለ ሽመክት።

ከዚያ ሁለቱም ወደ ይርዳው ዞሩ። «አንተስ ምን አደረግህ? እኛ ስንደክም ቆመህ ዋልህ።»

«አዎ ቆሜ ነበር» አለ ይርዳው። «ባልቆምስ?»

«እጃችሁን አምጡ» አሉ አያ ጓንጉል።

ዓይናቸው ስለማያይ የሦስቱንም መዳፍ አንድ በአንድ ዳሰሱ። የሽመክት መዳፍ ከምቱ ብርታት ተልጦ ይደማል። የአንለይ መዳፍ እንደ ወንዝ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። የይርዳው መዳፍ ደረቅና ሙቅ ነው፤ ምንም ያልነካው ይመስላል። አያ ጓንጉል ሦስቱን እጆች ጎን ለጎን አድርገው ዱላውን በላያቸው ዘረጉት። ገና አልለቀቁትም። ሁለቱም መንደር ዙሪያውን ከቦ ይጠብቃል።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። ዱላው በየትኛው መዳፍ ላይ ይረፍ?