በተሳቢው ቀኝ የገባችው ልጅና የኪዳነ ምሕረት ምልጃ

በሁለት ሺህ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ነሐሴ ዐሥራ አምስት ቀን፣ የፍልሰታ ጾም ሊፈታ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከሌሊት ጀምሮ ዝናብ ይዘንብ ነበር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይም አላባራም። ጉሙ ወርዶ አስፋልቱን ሸፍኖት ነበር።

ምእመናን ሆይ፣ አምላክን የወለደች እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም በዚያች ዕለት ለልጄ ያደረገችላትን እነግራችኋለሁና በጸጥታ ስሙ። ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ እስከ አራተኛ ክፍል ደረስኩና ከዚያም ሞፈር ያዝኩ። ሰው ዝምተኛ ይለኛል፣ እውነቱን ነው። ይህን ግን ዝም ብዬ ብይዘው በደል ይሆንብኛል።

ልጄ ትርንጎ ትባላለች፣ የክርስትና ስሟም ወለተ ኪዳን ነው። ዕድሜዋ ሃያ ሁለት ነው፤ ከመንደራችን ከሸንበቆ ሜዳ እስከ ባሕር ዳር በብስክሌት እየተመላለሰች ልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች። ውዳሴ ማርያም ሳትደግም ከቤት አትወጣም። ደግሞም ከልጅነቷ ጀምሮ የተሳለችው ስእለት አላት፣ ይኸውም በመንገዷ ላይ ያለችውን የሸንበቆ ሜዳ ኪዳነ ምሕረትን ሳትሳለም ላታልፍ ነው። ዝናብም ቢሆን ፀሐይም ቢሆን፣ ሥራ ቢረፍድባትም፣ ከብስክሌቷ ወርዳ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ፣ ሦስት ጊዜ ሰግዳና የደጁን መቃን ስማ ነበር የምትሄደው።

አሁን የእኔን ጥፋት ልናገር።

በዚያው ዓመት በግንቦት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ያለውን ማሳዬን ሳርስ አንድ አውቶቡስ በደጁ ፊት ቆመና ሰው ያወርድ ጀመር፣ ልጄም ከኋላው ደርሳ በግራው በኩል፣ በእኔ ወገን ቆመችና ከብስክሌቷ ወርዳ ሰገደች። አውቶቡሱ በእሷና በደጁ መካከል እንደ ግድግዳ ቆሞ ነበር። ይህን አይቼ ተቆጣሁ፣ ማታም ከእርሻ ስመለስ ጠራኋትና፣

«ዛሬ ለማን ነው የሰገድሽው?» አልኳት።

«ለእመቤቴ ነዋ፣ አባዬ።»

«እኔ እንዳየሁት ለአውቶቡሱ ነው። ምነው ታርጋውን አልሳምሽው?»

እናቷ ሣቀች፣ ልጄ ግን አልሣቀችም። «እሷ እኮ አውቶቡስ አይጋርዳትም፣ ታየኛለች» አለችኝ።

«አንቺንስ አይጋርድሽም? ከዛሬ ጀምሮ በአንቺና በደጇ መካከል ምንም ነገር እንዳይገባ። አለቀ።»

በቤቴ እኔ አለቀ ካልኩ የሚመልስልኝ የለም። እሷም እሺ አለችና ከዚያን ቀን ጀምራ ቃሌን ጠበቀች። ቤተ ክርስቲያኑ ወደ ከተማ ለሚሄድ በስተቀኝ ነው፣ ስለዚህ ከደጁ አጠገብ መኪና ሲያዘግም ከደረሰችበት፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ በቀኙ በኩል በመኪናውና በአጥሩ መካከል ሾልካ ትቀድመው ጀመር፣ እመቤቷን ምንም ሳይጋርድባት ለመሳለም ብላ። እኔም ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ አይቼ ደስ አለኝ። ታዛዥ ልጅ አለኝ አልኩ። መኪናውን አላሰብኩትም፣ የቤተ ክርስቲያኑን ክብር ብቻ ነበር ያሰብኩት።

ወደ ነሐሴ ዐሥራ አምስት ልመለስ። በዚያ ጠዋት ጎርፉ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ሥር ሥሩን ይበላ ነበርና፣ አካፋ ይዤ የውኃ መውረጃውን ቦይ እጠርግ ነበር። የቆምኩበት ቦታ የአጥሩ ማዕዘን ነው፤ በመሠራት ላይ ወዳለው የእህል መጋዘን የሚያስገባው መታጠፊያ በዚያ በኩል ነው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደጅም ከመታጠፊያው ሃያ እርምጃ አልፎ ነው። ልጄ በዚያ ዕለት ለበዓሉ የሚሆን የመገበሪያ ስንዴ፣ አንድ ቁና የሚሞላ፣ እኔው ከምርቴ መርጬ የሰጠኋትን፣ በከረጢት አድርጋ ከብስክሌቷ ኋላ አስራ ትመጣ ነበር።

ከዚያም ከጉሙ ውስጥ ተሳቢ መኪና ወጣ። ሲሚንቶ ጭኗል፣ ረጅም ነው፣ ከኋላው ሌላ መኪና የሚያህል ተጎታች አለው። የመታጠፊያ መብራቱን ጭቃ ሸፍኖት በራ አልበራ አይታወቅም ነበር። ወደ መታጠፊያው ሲቃረብ አዘገመና ወደ ግራ፣ ወደ መንገዱ መካከል ወጣ። እንዲህ ያለ ረጅም መኪና ወደ ቀኝ ለመታጠፍ አስቀድሞ ወደ ግራ ይወጣል፣ እንደዚያ ካልሆነ ኋላው አይዞርለትም፤ ይህን ዛሬ አውቃለሁ። ልጄ ግን መንገድ የለቀቀላት መስሏት፣ ከኋላው ደርሳ በቀኙ ገባች። ነጭ ነጠላዋን በጎማዎቹ አጠገብ አየሁት፣ ራሷንም ወደ ደጁ አዙራ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር።

ከዚያም መኪናው ፊቱን ወደ ቀኝ፣ ወደ እሷ መለሰ።

አካፋዬን ጣልኩና ልጮህ አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅም አልወጣልኝም። ስድሳ ዓመት ሙሉ የቆጠብኩት ድምፅ በዚያች ሰዓት ከዳኝ። በልቤ ብቻ፣ «እመቤቴ ሆይ፣ ቃሉ የእኔ ነው፣ እሷ ታዘዘች እንጂ አላጠፋችም፣ ቃሌን ከላይዋ አንሺልኝ» አልኩ። ከዚህ በላይ ጊዜ አልነበረም። ብረት ሲጨፈለቅ ሰማሁና ዓይኔን ጨፈንኩ፣ መኪናውም ጮኸና ቆመ። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ዝናቡ ብቻ ነበር።

ሾፌሩ በሩን ከፍቶ ዘለለ። የወሎ ሰው ነው፣ ስሙ ሰይድ ይማም ይባላል። ሁለት እጁን በራሱ ላይ ጭኖ በመኪናው ፊት ወዲያና ወዲህ ይሮጥ ነበር።

«የት አለች? አባቴ፣ ሴትየዋ የት ገባች?»

«ከኋላ ናት፣ ከጎማው ሥር ናት። ልጄ ናት» አልኩት።

«ኧረ ልጅ አይደለችም! ትልቅ ሴት ናት፣ ሰማያዊ የለበሰች። ከመታጠፊያው አፍ ላይ ቆማ እጇን ዘረጋችብኝ። ፍሬን የረገጥኩት ለሷ ነው። ወላሂ በዓይኔ ነው ያየኋት!»

በመታጠፊያው አፍ ላይ ግን ማንም አልነበረም፣ ጭቃውም የሰው ዱካ አልነበረበትም። ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ ጭቃውን ተመለከተ። በዚያን ጊዜ ከኋላዬ «አባዬ» የሚል ሰማሁ። ዘወር ስል ልጄ እኔ ስጠርገው በነበረው ቦይ ውስጥ፣ ውኃው እስከ ወገቧ ደርሶ ተንበርክካ ነበር። ከቆምኩበት ሦስት ክንድ አይርቅም፣ ስትመጣም አላየኋት።

«አንተ ነህ ውረጂ ያልከኝ?» አለችኝ።

«እኔ አልተናገርኩም።»

«ተናግረሃል እንጂ። አይ፣ የሴት ድምፅ ነበር። ልጄ ሆይ አሁኑኑ ውረጂ አለኝ። ደጁ ጋ አልደረስኩም ልል ስል አንድ ነገር ነጠላዬን ይዞ ወደ ኋላ ሳበኝ። ከዚያ ወዲያ አላውቅም።»

አንሥቼ አቀፍኳት። ልጄን ካቀፍኩ ዐሥራ አምስት ዓመት አልፎኝ ነበር። እጅና እግሯን መረመርኩ፣ ከክርኗ መላጥ በቀር አንዳች ጉዳት አላገኘሁባትም። ብስክሌቷ ግን ከተሳቢው የኋላ ጎማ ሥር ተጣጥፋ፣ ሁለቱ ጎማዎቿ እንደ ቂጣ ተጠፍጥፈው ነበር፣ የስንዴው ከረጢትም ከጎማው ሥር ነበረ። ሾፌሩ መኪናውን ትንሽ ወደ ኋላ መለሰና ከረጢቱን አወጣሁት። እኔ ገበሬ ነኝ፣ የተፈጨ ስንዴና ያልተፈጨ ስንዴ አይጠፋኝም። በደጀ ሰላሙ ጣራ ሥር ነጠላዬን አንጥፌ ስንዴውን አፈሰስኩትና በጣቴ እየለየሁ ተመለከትኩት፣ አንዲት የተሰነጠቀች ፍሬ አጣሁ። ያን ሁሉ ሲሚንቶ የተሸከመ ጎማ በላዩ ቆሞ ነበር። እዚያው በግንባሬ ተደፋሁ፣ ልጄም ከጎኔ ተደፋች፣ ሾፌሩም ጫማውን አውልቆ ከደጁ ውጭ ቆሞ ያለቅስ ነበር።

ከዚያም እንዲህ አለኝ፦ «አባቴ፣ እኔ መርየምን አከብራለሁ። ነገር ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ከጎኔ ሰው እንዳለ ጭራሽ አላወቅኩም።»

«መስታወት የለህም ወይ?» አልኩት በቁጣ።

«ናማ ውጣ። ልጅቱን ከነበረችበት አቁማትና ራስህ እይ።»

የመኪናው ሞተር ጠፍቶ ሳለ፣ ልጄን በቀኙ በኩል ከበሩ ሥር አቆምኳትና ወደ ሾፌሩ መቀመጫ ወጣሁ። ከላይ ሆኜ መንገዱን አየሁ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላትም አየሁ። በመስታወቱም የተሳቢውን ጎንና ዝናቡን አየሁ። ልጄን ግን አጣኋት። «ትርንጎ!» ብዬ ጮኽኩ፣ ቅድም የጠፋው ድምፄ አሁን ወጣ።

«አቤት አባዬ፣ እዚሁ ነኝ!» አለች ከሥሬ።

ድምፅዋን እየሰማሁ አላያትም። ይህ ሰው ልጄን ቢገድላት ኖሮ እስኪነግሩት ድረስ አያውቅም ነበር። የሰው ዓይን ከማይደርስባት ቦታ ላይ ያየቻት እመቤታችን ብቻ ናት። ልጄን ወደዚያች ቦታ የላክኋት ደግሞ ባለ መኪናው አልነበረም፣ እኔ ነበርኩ።

ወርጄ ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ ወደ መምሬ አድማስ ሄድኩና በአውቶቡሱ ምክንያት ያልኩትን ሳልደብቅ ነገርኳቸው። እሳቸውም፣

«አንተ ሰው፣ በሬህን ገደል አፋፍ ላይ ታሰማራለህ?» አሉኝ።

«አላሰማራም፣ አባ።»

«ታዲያ ልጅህን ምነው? መሳለም ደግ ነው። ቆሞ ነው እንጂ ከጎማ ጋር እየተጋፉ ነው ያለህ ማን ነው? እመቤታችንን መኪና የሚጋርዳት መሰለህ?» ከዚያም ሣቁና መስቀላቸውን አሳለሙኝ፣ ልጄንም ባረኳት፣ ስንዴውንም ተቀብለው ኅብስቱ ወደሚጋገርበት ወደ ቤተ ልሔሙ አስገቡት። በማግሥቱ በፍልሰታ በዓል ከዚያ ስንዴ ኅብስቱ ተሠራ፣ እኔና ልጄም ቆርበን ተመለስን።

ከቅዳሴ በኋላ በመምሬ አድማስ ፈቃድ በሕዝቡ ፊት ቆምኩ። እንደዚያ ቆሜ አላውቅም። ልጄን ጠርቼ፣ «በግንቦት የነገርኩሽን ቃል በዚህ ሁሉ ሰው ፊት አንሥቻለሁ» አልኳት። በብስክሌት ለምትሄዱትም ሁሉ እንዲህ አልኩ፦ ትልቅ መኪና ሲያዘግም ብታገኙ ከኋላው ቁሙ፣ ወደ ግራ ቢወጣ መንገድ ለቀቀልን አትበሉ፣ በእሱና በአጥሩ መካከል ከቶ አትግቡ። ሾፌሩ አያያችሁም። እኔ ከላዩ ወጥቼ የገዛ ልጄን አጥቻታለሁ።

በማግሥቱ አህያዬን ጭኜ ከወንዙ ጠፍጣፋ ድንጋይ አመላለስኩ። ከመታጠፊያው መቶ እርምጃ አስቀድሞ፣ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ከዋንዛው ሥር፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ከሚታይበት ቦታ መሬቱን ደልድዬ ድንጋዩን አነጠፍኩና መሳለሚያ አደረግሁት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ልጄ ሌላ ብስክሌት ባገኘች ጊዜ መጀመሪያ የወረደችው እዚያ ነው፤ ተሳቢ መጣ፣ እሷም ቆማ አሳለፈችው፣ መንገዱም ሲጠራ ጉልላቱን አይታ ሰገደች። እኔም ማዶ ሆኜ በሬዎቼን አቁሜ አብሬያት ሰገድኩ። ልጄን ከማይታየው ቦታ ያወጣች እመቤት እናንተን ይህን የሰማችሁትንም ልጆቻችሁንም በምትሄዱበት ሁሉ ትመልከታችሁ፣ በሰላም አድርሳ በሰላም ትመልሳችሁ፤ ለወለደችው ለልጇም ክብር ምስጋና ይሁን፣ አሜን።