ከቅል የወጣው ወረደና የኩታው ቋጠሮ

«ተረት ተረት!»

«የመሠረት!»

ያኛው ጥግ አልተሰማኝም። ተኝታችሁ ከሆነ ለግድግዳው ልንገረው። ተረት ተረት!

«የመሠረት!»

እንዲህ ነው እንጂ። በድሮ ጊዜ፣ ከምናያቸው ከዋክብት ሁሉ ኋላ፣ አንዲት ትንሽ ኮከብ ነበረች። በላይዋ ሰዎች ይኖሩ ነበር። ቆዳቸው እንደ ተልባ አበባ ሰማያዊ ነበር።

አንድ ቀን ኮከቢቱ ታመመች። ሆዷ ጮኸ፣ ጀርባዋ ተሰነጠቀ። ሰዎቹ ልትፈነዳ እንደሆነ ገባቸው። የሚያመልጡበት አንድ ትልቅ ቅል ብቻ ነበራቸው። ቅሉ ደግሞ አንድ ሰው እንጂ ሁለት አይዝም። ዕጣ ጣሉ፣ ዕጣው ለአንድ ጎረምሳ ወጣ። እሱን ቅሉ ውስጥ ከተቱት፤ የቅሉን አፍ በሰም ደፈኑት፤ አልቅሰው ወደ ታች ለቀቁት። ወዲያው ኮከቢቱ ፈነዳች።

እውነተኛው ታሪክ ይኸ ነው። እናንተ አወቃችሁት። ባለታሪኩ ግን አላወቀውም። ለምን ብትሉ፣ ቅሉ መሬት ሲመታ የጎረምሳው ራስ ደግሞ ቅሉን መታ። ያለፈው ነገር ሁሉ ከጭንቅላቱ ጥርግ ብሎ ወጣ።

ቅሉ የወደቀው በእመት ዘርፌ የተልባ ማሳ ውስጥ ነው። እመት ዘርፌ ጥጥ ፈታይ ነበሩ። ልጅ የላቸው፣ ባል የላቸው፤ ያላቸው አንድ አህያ ነው። አህያው ይናገራል፤ ሲናገር ግን ነገረኛ ነው። ያን ቀን ተልባው አብቦ ነበር። ሰማያዊ ሰው ሰማያዊ አበባ ውስጥ ተኝቶ ማን ያየዋል? እመት ዘርፌ አጠገቡ ቆመው አላዩትም።

«አበባው ያንኮራፋል» አለ አህያው።

እመት ዘርፌ ጎንበስ ብለው ቀሰቀሱት።

«የማን ልጅ ነህ?»

«አላውቅም።»

«ከየት መጣህ?»

«አላውቅም። እርስዎ ያውቃሉ?»

«እኔም አላውቅም። ተነስ፣ ብላ።»

ተነሳ፣ በላ። ሌማቱን ጨርሶ ሌማቱን ራሱን ሊነክስ ሲል ያዙት። ከላይ መውረዱን ቅሉ የቆፈረው ጉድጓድ ይመሰክር ስለነበር ስሙን ወረደ አሉት። ራቁቱን ነበርና የፈተሉትን ነጭ ኩታ ከትከሻው ላይ ጣል አደረጉለት። «ሰው ያለ ኩታ አደባባይ አይወጣም» አሉት። የቅሉን ስባሪ ደግሞ የአህያው ውኃ መጠጫ አደረጉት።

ወረደ ጉልበቱን አያውቀውም ነበር። በር ክፈት ሲሉት በሩን ከነመቃኑ ነቅሎ አመጣላቸው። አህያው ገበያ አልሄድም ብሎ ሲለግም፣ ከነጭነቱ ብብቱ ሥር ሸጎጠውና ወንዙን በአንድ ዝላይ ተሻገረ። ኩታው ከኋላው እየተርገበገበ ነበር። አህያው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ።

ገበያው ዳር ላይ ወረደ አንድ ነገር አየ። ሁለት ሰዎች የኩታቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ አብረው ይሄዳሉ።

«እነዚህ ምን ሆነው ነው?» አለ።

«ሳይጨርሱ አይለያዩም» አለ አህያው። ሊጨምር አፉን ሲከፍት ሳር አየ። አፉ ወደ ሳሩ ሄደ።

ወረደ ልቡ ተነካ። የማይለያዩ ሰዎች! «እኔም ዘመዴን ያገኘሁ ቀን እንዲህ እቋጠራለሁ» አለ በሆዱ።

እናንተ ግን ስሙ፣ እንደሱ እንዳትሳሳቱ። በዚያ ዘመን ሰው ሰውን ሲከስ ኩታውን ከኩታው ይቋጥራል። ከሳሽና ተከሳሽ ጎታች ሳያስፈልጋቸው፣ ተቆራኝተው ራሳቸው ዳኛ ዘንድ ይሄዳሉ። ሳይፈረድ ቋጠሮውን የፈታ ሰው በዚያው ተረታ። ሁለቱ ሰዎች የተጣሉት በፍየል ነው። ዓይን ለዓይን እንኳ አይተያዩም ነበር።

ወረደ ይህን አላወቀም። የሚያውቀው አንድ ነገር ነው። በሄደበት ሁሉ ሰው «የማን ልጅ ነህ?» ይለዋል፤ እሱም መልስ የለውም። ይህ እንደ እሾህ ወጋው። በመጨረሻ ዘመዴን ልፈልግ ብሎ ተነሳ። እመት ዘርፌ ለስንቅ ዳቦ ቆሎ ቋጠሩለት። «ሂድ» አሉት። «ካጣህ ተመለስ። ብታገኝም ተመለስ።»

ሄደ፣ ሄደ። ገደል አፋፍ ላይ ዝንጀሮ አገኘ።

«አንተማ የአክስቴ ልጅ ነህ» አለው ዝንጀሮ። «ሕፃን ሳለህ ከዚህ ገደል ወደቅህ። ጅራትህ ቅርንጫፍ ላይ ቀረ።»

«እንዲያ ነው?» ወረደ ኋላውን ዳበሰ። ጅራት የለም። ግራ ገባው። አመነ።

«በል የአክስቴ ልጅ፣ ያንን የማሽላ አጥር ንቀልልን።»

ነቀለ። ዝንጀሮዎቹ ማሽላውን ግጠው ግጠው፣ ባለማሳው ዱላ ይዞ ሲመጣ ገደሉ ላይ ወጡ። ወረደ «የአክስቴ ልጅ?» ብሎ ተጣራ። ማንም አልመለሰለትም። ባለማሳው መታው፤ ዱላው ተሰበረ። ዱላው ወረደን አላመመውም። ያመመው ሌላ ነው።

ሄደ፣ ሄደ። ከዋሻ አፍ ላይ አያ ጅቦን አገኘ።

«አንተማ የእኛ ዘር ነህ» አለው አያ ጅቦ። «አያትህና አያቴ አንድ ዋሻ ነው ያደጉ። አንተ ከተራራው ስትወርድ ተንሸራተህ ጠፋህ።»

«እኔ ፀጉር የለኝም።»

«ስትንሸራተት ተላጨ።»

«እንዲያ ነው?» ግራ ገባው። አመነ።

«በል ዘመዴ፣ ያንን የበረት በር ክፈትልኝ።»

ከፈተ። አንዲት ጥጃ እናቷ ሆድ ሥር ገብታ ተንቀጠቀጠች። ወረደ ይህን ሲያይ በሩን ያዘ። መልሶ ሊዘጋ ሲል ውሾቹ ደረሱ። አያ ጅቦ ዘመዱን ጥሎ እያነከሰ ሮጠ።

ሄደ፣ ሄደ። ከንጉሥ ዳምጠው ከተማ ደረሰ። እመት ዘርፌን አንቱ ብዬ ንጉሡን አንተ በማለቴ አትታዘቡኝ፤ ምክንያቱን ታዩታላችሁ። ዳምጠው የሰማያዊውን ሰው ጉልበት ሰምቶ ነበርና ከደጅ ወጥቶ አቀፈው።

«አንተማ የሟቹ ወንድሜ ልጅ ነህ» አለ። «አሞራ ከመኝታህ ነጥቆህ ሄደ። ሩቅ አገር ወስዶ ጣለህ።»

ወረደ አለቀሰ። ንጉሥ ይዋሻል እንዴ? አትሳቁ፣ ገና አዲስ ነው።

«በል የወንድሜ ልጅ፣ ያንን ዐለት አንሳና ከምንጩ አፍ ላይ አስቀምጥ።»

«ለምን?»

«ዘመድ ለምን አይልም።»

ዐለቱ ቤት ያክላል። ወረደ አንስቶ አስቀመጠው። ውኃው ወደ ታች መውረዱን ትቶ ወደ ንጉሡ የሸንኮራ አትክልት ዞረ። ንጉሡ ሳቀ፤ በሦስተኛው ቀን ወረደ ግብር ይብላ ተብሎ አዳራሽ ገባ። ከታች ማን እንደሚኖር፣ ማን ከዚያ ውኃ እንደሚቀዳ አላሰበም። አጎት ማግኘቱ ዓይኑን ጋርዶት ነበር።

መኳንንቱ ሁሉ ተቀምጠዋል። ንጉሡ በገዛ እጁ አጎረሰው። ወረደ ፍቅሩን የሚገልጽበት ቃል አጣ። ከዚያ እነዚያ የማይለያዩ ሰዎች ትዝ አሉት። የኩታውን ጫፍ ያዘ፣ የንጉሡን ኩታ ጫፍ ያዘ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ጥብቅ አድርጎ ቋጠረ።

አንዱ መኰንን የሚግጠው አጥንት ከእጁ ወደቀበት።

«ጃንሆይ» አለ በቀስታ፣ «ተከሰሱ።»

ንጉሡ ቀላ፣ ጠቆረ። ግን ምን ያድርግ? የአባቱ አዋጅ ነው። «የተቆራኘ ሳይፈረድ አይፈታ፣ ንጉሥም ቢሆን» የሚለውን ራሱ የነገሠ ቀን ምሎበታል። መኳንንቱ ሁሉ ያዩታል። ተነስቶ ወደ ዳኛው መንገድ ጀመረ።

«ፍታኝ» ይለዋል በጆሮው።

«አይሆንም አጎቴ» ይላል ወረደ ፈገግ ብሎ። «ሳንጨርስ አንለያይም።»

ዳኛው አባ ተድላ ሾላ ሥር ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ። ንጉሥ ተቆራኝቶ መጣ ሲባል የታችኛው አገር ሰው ሁሉ ወጣ። ሁሉም ባዶ እንስራ ተሸክሟል። ከመካከላቸው እመት ዘርፌ አሉ፤ ከንፈራቸው ደርቋል። አህያውም የቅሉን ስባሪ በጥርሱ ይዞ ቆሟል፣ ጠብታ የለበትም።

«እመቴ፣ ውኃ የለም እንዴ?» አለ ወረደ።

«ዐለት ዘጋው።»

ወረደ እጆቹን አየ። እፍረት ከእግሩ እስከ ራሱ ወረረው። ዘመድ ሲፈልግ ያበሉትን እመት ዘርፌን አስጠማ።

«ከሳሽ፣ ዋስ ጥራ» አሉ ዳኛው። በዚያ ዘመን ዋስ የሌለው ሰው መሟገት አይችልም ነበር።

ወረደ ዞር ዞር አለ። ዝንጀሮው ሾላው ላይ ነበር፤ ፊቱን አዞረ። አያ ጅቦ ከቁጥቋጦው ኋላ አንገቱን ቀበረ። ንጉሡ ሳቀ።

«ዋሱ እኔ ነኝ» አሉ እመት ዘርፌ።

«ምንዎ ነው?» አሉ ዳኛው።

«ምኔ እንደሆነ አላውቅም። ከየት እንደመጣም አላውቅም። ዋሱ ግን እኔ ነኝ።»

ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተናገር እንግዲህ። ክስህ ምንድን ነው?»

«ክስ?» አለ ወረደ። ግራ ገባው። «እኔ ክስ የለኝም። አጎቴ ናቸው፤ ስለምወዳቸው ነው የተቋጠርኩት።»

አህያው ያን ቀን ሳይጨርስ የተወው ነገር ትዝ ብሎት አፈረ፤ ቅሉን መሬት አኑሮ ራሱን ውስጡ ከተተ።

«የወንድማቸው ልጅ ነኝ» አለ ወረደ። «ለዚህ ነው ምንጩን ዝጋ ሲሉኝ የዘጋሁት። ዘመድ ለምን አይልም አሉኝ። ግን አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። በእመት ዘርፌ ጎረቤት አንድ ልጅ ከሩቅ አገር ሲመጣ፣ አጎቱ እጁን ይዞ የአባቱን ርስት አሳየው። የእኔ አጎት ያሳዩኝ ዐለት ነው። የአባቴ ርስት የቱ ጋ ነው?»

ዳኛው ቆሎ መቆርጠማቸውን ተዉ።

«ጃንሆይ፣ ጥያቄው ለእርስዎ ነው። የወንድምዎ ልጅ ከሆነ የአገሩ እኩሌታ የእሱ ነው። አሁኑኑ ያካፍሉታል። ነው ወይስ አይደለም?»

ንጉሡ ግዛቱን አየ፣ ሸንኮራውን አየ። ላብ አጠመቀው።

«የማን ወንድም ልጅ!» አለ። «አላውቀውም። ከሰማይ የወደቀ፣ ዘር የሌለው ነው። ስለ ጉልበቱ ነው ያልኩት።»

ወረደ አንገቱን ደፋ። ሦስተኛው ዘመዱም ሄደ።

«እንግዲያው» አሉ ዳኛው፣ «እጁ የእሱ፣ ውሸቱ የእርስዎ ነው። ዐለቱን ያንሱ። እስኪያነሱ ቋጠሮው አይፈታም።»

ሕዝቡ ሁሉ ወደ ምንጩ ሄደ። ንጉሡ ዐለቱን በትከሻው ገፋ፣ በጀርባው ገፋ፣ በሆዱ ገፋ። ዐለቱ ንቅንቅ አላለም። ቋጠሮውም እንደዚያው ነው።

«ላንሳው?» ብሎ ወረደ እመት ዘርፌን ጠየቃቸው።

«እኔ አላዝህም። አንተ ምን ትላለህ?»

ወረደ ደነገጠ። ከወደቀ ጀምሮ እንዲህ ብሎ የጠየቀው የለም። ግራ ገባው። ይኸኛው ግን ደስ የሚል ግራ መጋባት ነበር። ባዶዎቹን እንስራዎች አየ። የደረቁትን ከንፈሮች አየ።

«አነሳዋለሁ» አለ።

በአንድ እጁ አነሳና ከተራራው ማዶ ወረወረው። ውኃው ፏ ብሎ ወጣ። ንጉሡ ከወረደ ጋር ተቋጥሮ ነበርና ከነዘውዱ ራሰ። ሰዉ ሳቀ፣ እንስራው ሞላ፣ አህያው ጠጣ። ከዚያ በኋላ ዳኛው ቋጠሮውን ፈቱ። ዳምጠውም ከዚያ ቀን ወዲህ ኩታ መልበስ ፈራ ይባላል።

ወደ ቤት ሲመለሱ ወረደ የኩታውን ጫፍ ያዘ፤ ከእመት ዘርፌ ነጠላ ጫፍ ጋር ቋጠረው። በጣም በቀስታ ነው የቋጠረው።

«በዚህ እኮ ሰው ይከሰስበታል» አለ አህያው።

«አውቃለሁ» አለ ወረደ።

እመት ዘርፌ አልፈቱትም። «ክስህ ምንድን ነው?» አሉት።

«ታሪኬን አላውቀውም።»

«እኔም አላውቀውም። የምናውቀውን እንያዝ። አንድ ቀን ተልባ ማሳ ውስጥ ተኝቶ ተገኘ። ተነስ፣ ብላ ተባለ። ተነሳ፣ በላ። ሌላውን አብረን እንጨምርበታለን።»

ሲጨምሩበትም ኖሩ። ኩታው እየተርገበገበ ደካማን የሚያድን ሰማያዊ ሰው አለ ተብሎ በየአገሩ ተወራ። አንዱ ከገደል መጣ ይላል፣ አንዱ ከዋሻ፣ አንዱ አሞራ ጣለው ይላል። ማንን ልመን ብላችሁ ግራ ከገባችሁ፣ አህያውን ጠይቁት። እስከ ዛሬ ውኃ የሚጠጣው በዚያው ቅል ነው።

ልጆቼ፣ ታሪክህን እኔ ልንገርህ ብሎ ወዲያው ሥራ የሚያዛችሁን ጠርጥሩት። «አላውቅህም፣ ዋስህ ግን እኔ ነኝ» የሚላችሁን አትልቀቁት፤ ዘመድ እሱ ነው።

ተረቴን በኩታችሁ ጫፍ ቋጥሩልኝ፣ አፌን በዳቦ አብሱልኝ።