ምክንያቱ ያልተሞላው መልቀቂያ

ይህችን ጨዋታ እስከ መጨረሻዋ የሚያነብ ሰው ጊዜው አይባክንበትም፤ ቃል እገባለሁ። ብዙ ቀልድ ሰው አስቆ ይሄዳል። ይቺኛዋ ግን ሥራ ላይም ትውላለች። እኔ ራሴ ከሦስት ሰው ሰምቼ፣ ሦስቱም የሚለያዩበትን እያነጻጸርኩ፣ ሚዛን የሚደፋውን ይዤ ነው የጻፍኳት።

አንድ ቀን እንድሪስ የሚባል ደብዳቤ ጸሐፊ፣ ሌላ ሥራ ሳይዝ ሥራውን ሊለቅ ማመልከቻ አስገባ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማስረዳት ያለብኝ ነገር አለ። እንድሪስ የሚሠራው ከደሴ ወደ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ የጠመኔ ማምረቻ ነበር። ጠመኔ ያው መምህር ሰሌዳ ላይ የሚጽፍበት ነው፤ የሚሠራውም ከጄሶ ነው። ጄሶው በውሃ ይበጠበጣል፣ ቅርጽ ማውጫ ላይ ይፈስሳል፣ ይደርቃል። ስለዚህ እዚያ ግቢ የሚውል ሰው ሁሉ፣ ዘበኛው ሳይቀር፣ ቅንድቡ ነጭ ነው። የማምረቻው ባለቤትም ሥራ አስኪያጅም አቶ ደጀኔ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። አንድ ነገር ብቻ አለባቸው፦ ያለ ምሳሌ መናገር አይችሉም። ቢናገሩስ ባልከፋ፤ ያስጽፋሉ።

የቢሮው ደንብ እንዲህ ነበር። አቶ ደጀኔ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እየተንጎራደዱ ይናገራሉ፤ እንድሪስ ተቀምጦ ይጽፋል። «ከአፌ የወጣ ቃል ሳይጻፍ አይቀርም። አንድ ፊደል አይቀነስም፣ አንድ ፊደል አይጨመርም» ይላሉ። እንድሪስም ስድስት ዓመት ሙሉ አልቀነሰም፣ አልጨመረም።

አንድ ትምህርት ቤት «የላካችሁልን ጠመኔ ገና ሰሌዳ ሲነካ ይሰበራል» ብሎ ጻፈ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። ስለዚህ ሁለት ሁለቱን አንድ ላይ ይዛችሁ ጻፉ» የሚል መልስ ሄደለት። ሌላው «ያዘዝነው ዕቃ ሁለት ወር ዘገየብን» አለ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ተብሎ ተጻፈና ማህተም ተመታበት። አንዲት የማሸጊያ ክፍል ሠራተኛ ደግሞ የወሊድ ፈቃድ ጠየቀች። የተሰጣት ወረቀት «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል። ሴትዮዋ ወረቀቱን ይዛ፣ ተፈቅዶልኝ ነው ወይስ ተከልክዬ እያለች ስትጠይቅ ወለደች።

ይህን ሁሉ እንድሪስ ችሎት ነበር። ያልቻለው የለቅሶውን ነው።

የአንድ ደንበኛ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር እናታቸው አረፉ። አቶ ደጀኔ ጉልበታቸውን አሟቸው ስለነበር መሄድ አልቻሉም። የሐዘን መግለጫ አስጻፉና «ድንኳኑ ውስጥ ቆመህ፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብልኝ» አሉት።

«ጋሼ» አለ እንድሪስ ወረቀቱን እያየ፤ «ይቺን ሁለተኛዋን መስመር ብንተዋትስ?»

«አንድ ፊደል?»

«አይቀነስም» አለ እንድሪስ፤ ሄደ።

ድንኳኑ ውስጥ ቆመና አነበበ፦ «በወላጅ እናትዎ ሞት የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እየገለጽን፣ ሞት ላይቀር ማንቋረር እንዲሉ አበው፣ ፈጣሪ መጽናናቱን ይስጥዎ።»

ምሳሌዋን ለማያውቅ ላስረዳ። መሞት ካልቀረ እዬዬው ምን ያደርጋል ለማለት ነው የምትነገረው። ጥሩ ምሳሌ ናት። ለቅሶ ቤት ግን አትነገርም፤ ለሟች ልጅማ ጭራሽ።

ጥግ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን አስግገው «አንተ ልጅ፣ የማን ልጅ ነህ?» አሉት።

ይህ ጥያቄ ወላጅን ለማወቅ የሚጠየቅበት ጊዜ አለ። ያን ቀን ለዚያ አልነበረም። እንድሪስ የአባቱን ስም ሊናገር አፉን ከፈተና መልሶ ዋጠው። ለአባቱ አዘነላቸው። «ከጠመኔ ማምረቻው ነው የመጣሁት» ብሎ፣ የቀረበለትን ንፍሮ ሳይቀምስ ወጣ።

ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለዘሀራ ነገራት። ዘሀራ የደብዳቤውን ግልባጭ አንብባ ስትጨርስ «ልቀቅ» አለችው። ሌላ አልጨመረችም።

በማግሥቱ ማመልከቻውን አስገባ።

«ሌላ ሥራ አግኝተህ ነው?» አሉ አቶ ደጀኔ።

«አላገኘሁም ጋሼ።»

«ትምህርት ልትቀጥል ነው?»

«አይደለም።»

«አመመህ?»

«ደህና ነኝ፤ አልሐምዱሊላህ።»

«ታዲያ ለቀህ ምን ልትሠራ ነው?»

«መጀመሪያ ልልቀቅ ብዬ ነው።»

አቶ ደጀኔ ወንበራቸውን ሳቡ። «ስማኝ እንድሪስ። ፎርሙ ላይ የለቀቀበት ምክንያት የሚል ቦታ አለ። ምክንያት ከሌለህ ምኑን እንሞላዋለን? ባዶ ፎርም አልፈርምም። ስርዝ ድልዝ ያለበትም አልፈርምም። ምክንያትህን አምጣና ሂድ።»

አሁን ጭንቁ ምን እንደሆነ ይግባችሁ። መልቀቂያ የሌለው ሰው ሌላ ቦታ ሲያመለክት «ከነበርክበት መልቀቂያ አምጣ» ይባላል። ካላመጣ ጠፍቶ የመጣ፣ ወይም አጥፍቶ የመጣ ይመስላል። እንድሪስ ያቺን ወረቀት ካላገኘ ከዚያ ቢሮ ቢወጣም ሌላ ቢሮ አይገባም። ምክንያቱን እንዳይናገር ደግሞ ይሉኝታ አሰረው። ዘሀራን ሲያገባ ሽማግሌ ሆነው አማቶቹ ደጅ የቆሙለት እኚሁ ሰው ናቸው። እንዴት ብሎ ፊት ለፊት «ምሳሌዎ አሳፈረኝ» ይበላቸው?

ፎርሙም ባዶ እንደሆነ ሳምንት ከረመ።

አቶ ደጀኔ ነገሩን ኩርፊያ አደረጉት። ኩርፊያ ደግሞ መድኃኒቱ ሽማግሌ ነው። በሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ሸህ ይማምን ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር ቢሮ ድረስ አስጠሩ። ሸህ ይማም አገር የሚያከብራቸው አስታራቂ ናቸው። ሦስቱም ገቡና እንድሪስ ጠረጴዛ ፊት ተደርድረው ቆሙ።

እንድሪስ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ሦስት ወንበር አቀረበ። «ሸህዬ፣ ይቀመጡ እንጂ።»

«የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም ልጄዋ።»

«ኧረ ይቀመጡ፣ እግርዎን ያምዎታል።»

«ያመኛል፤ ወላሂ ያመኛል። እሺ በለንና እንቀመጥ።»

እንድሪስም እነሱ ቆመው እሱ አይቀመጥምና ቆሞ ቀረ። አቶ ደጀኔ ብቻቸውን ተቀምጠው አላምር ሲላቸው እሳቸውም ተነሡ። አምስት ሰው፣ አምስት ባዶ ወንበር።

ሸህ ይማም ጀመሩ። «ልጄዋ፣ ደጀኔ ምን በደለህ? ንገረን፤ እንክሳለን።»

«ምንም አልበደሉኝም።»

«ሰድበውሃል?»

«ኧረ በጭራሽ።»

«ታዲያ ሰው ሳይጣላ እንጀራውን ይገፋል?»

እንድሪስ አንዱን ወንበር እንደገና ወደ ሸህ ይማም አስጠጋ።

በዚህ ጊዜ የአቶ ደጀኔ ምላስ አላስቀምጥ አላቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ፤ መንጎራደድ ጀመሩ። እንድሪስም ስድስት ዓመት የለመደው ልማድ አሸነፈውና እስክሪብቶውን አነሣ።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አሉ አቶ ደጀኔ።

«እኔ የቆጡን አላየሁም ጋሼ» አለ እንድሪስ።

«እሱን እኮ ነው የምልህ! የቆጡን ሳታይ የብብትህን ትጥላለህ? እሷ እንኳ ሞኟ ሴትዮ አይታ ነው የጣለችው። ሸህ ይማም፣ እስቲ ይፍረዱኝ። ይሄ ልጅ ነገ የት እንደሚገባ ያውቃል? አያውቅም። ማን ሊቀጥረው እንደሚችል ያውቃል? አያውቅም። እኔን ግን ያውቀኛል፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ያውቀኛል። ስማኝ እንድሪስ፣ ልብ ብለህ ስማኝ፤ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል!»

«አዑዙ ቢላሂ» አሉ ሸህ ይማም፤ ሰይጣን በተጠራ ቁጥር የሚሉትን።

እንድሪስ ጎንበስ ብሎ መጻፍ ጀመረ። ይጽፍበት የነበረው ያ ሳምንት ሙሉ ጠረጴዛው ላይ የሰነበተው የመልቀቂያ ፎርም ነው። የፎርም ነገር ደግሞ፣ በዚያ ቢሮ የሁሉንም ሠራተኛ መልቀቂያ የሚሞላው ደብዳቤ ጸሐፊው ስለሆነ፣ የእንድሪስን የሚሞላው እንድሪስ ነው። ሥሩ ካርቦን አለው። ካርቦን ማለት ከላይ የጻፉትን ከታች ባለው ወረቀት ላይ የሚያትም ጥቁር ቅጠል ነው፤ አንድ ጊዜ የተጻፈ ሦስት ቦታ ይሰፍራል። አንዱ ለሠራተኛው፣ አንዱ ለማኅደር፣ አንዱ ለወረዳው።

«ምንድን ነው የምትጽፈው?» አሉ አቶ ደጀኔ።

«ያሉትን ነው ጋሼ።»

«እስቲ አንብበው።»

እንድሪስ ድንኳኑ ውስጥ እንዳነበበው፣ ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

«የለቀቀበት ምክንያት፦ ሥራ አስኪያጁ በሽማግሌዎች ፊት ስለ ራሳቸው እንደገለጹት፣ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል።»

ሸህ ይማም ከዘራቸውን ከቀኝ እጃቸው ወደ ግራ አዛወሩ። ጎረቤቶቻቸውን አዩ፤ አቶ ደጀኔን አዩ።

«ደጀኔ» አሉ በቀስታ። «ሰይጣኑ ማን ሆነ?»

«እንዴ ሸህ ይማም! መልአኩ እኮ… መልአኩ ገና ያላገኘው መሥሪያ ቤት ነው። የሚያውቀው ደግሞ…» አቶ ደጀኔ በጣታቸው ወደ ራሳቸው ደረት ካመለከቱ በኋላ ጣታቸውን አዩት። መልሰው አጠፉት። «ምሳሌ ነው!»

«ምሳሌ መሆኑንማ ሰማን» አሉ ሸህ ይማም። «እኛ ታዲያ ልጁን ወደ ማን መልሰን ልንሄድ ነው ደጃፉ የቆምነው?»

አቶ ደጀኔ ወደ እንድሪስ ዞሩ። «ሰርዘው!»

«ስርዝ ድልዝ ያለበት አይፈረምም ብለዋል።»

«እንግዲያው ያቺን ቃል አውጣት! ከወረቀቱ ላይ አውጣት! ወረዳ ድረስ እንዲህ ተብዬ ልሄድ ነው?»

እንድሪስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ፊቱ ላይ ቁጣም ሳቅም አልነበረም። እንዲህ አለ፦

«ጋሼ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ወረቀቱ እንግዲህ ወረቀት ነው፤ አይፈረድበትም። እርስዎ ግን የያዙትን መልቀቅ ይችላሉ።»

ከጎረቤቶቹ አንዱ ሳል የመሰለ ድምፅ አሰማ።

አቶ ደጀኔ ሌላ ምሳሌ ሲፈልጉ ከንፈራቸው ሁለቴ ተንቀሳቅሶ ነበር፤ የእንድሪስ እጅ ወደ እስክሪብቶው ሲሄድ ባዩ ጊዜ ግን ተዉት። መሳቢያቸውን ከፈቱና አዲስ ፎርም አወጡ።

«ምክንያቱን ምን እንበለው?» አሉ።

«በራሱ ፈቃድ።»

«በቃ?»

«በቃ ጋሼ።»

«ምሳሌ የለውም?»

«የለውም።»

ፈረሙ። ማህተሙን ቀለም አስነክተው መቱበት። ከዚያ ቢሮ ያለ ምሳሌ የወጣ የመጀመሪያው ወረቀት እሱ ነው ይባላል። የድሮውን ፎርም ከነካርቦኑ አጣጥፈው ኮታቸው ኪስ ከተቱት።

«አብሽር ደጀኔ» አሉ ሸህ ይማም፤ «ጉዳዩ ተፈጽሟል።» የመጡበት ጉዳይ ይህ ባይሆንም ሦስቱም ሽማግሌዎች እፎይ ብለው ተቀመጡ።

እንድሪስ ከዚያ በኋላ ሥራ አገኘ ወይ? ጠይቄያለሁ። ያን ቀን አላገኘም፤ በማግሥቱም አላገኘም። ያን ቀን ግን መልቀቂያውን ደረት ኪሱ ከቶ፣ ጄሶውን ከቅንድቡ ታጥቦ ርዕሰ መምህሩ ቤት ሄደ። ድንኳኑ ፈርሷል፤ እኚያ ሽማግሌ ግን በረንዳው ላይ ነበሩ። ገና ሲያዩት አወቁት።

«አንተ ልጅ፣ የማን ልጅ ነህ?»

«የሐሰን እንድሬ ልጅ ነኝ» አለ፤ «ልቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት።»

«ወረቀት ይዘሃል?»

«አንድ ይዣለሁ። እሱ ግን የሚነበብ ምሳሌ የለውም።»

ሽማግሌው ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁለት።

እናንተም ሞክሩት። አለቃችሁ አልለቃችሁም ካለ አትጩኹ፣ አትለምኑ፣ ምክንያት አትደርድሩ። ሽማግሌ ይምጣ፣ አለቃም ይናገር። እናንተ ብቻ ፎርሙን ጠረጴዛው ላይ አድርጋችሁ፣ እስክሪብቶው የሚጽፍ መሆኑን አስቀድማችሁ ጫር ጫር አድርጋችሁ እዩ፤ ከዚያ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። በአገራችን ምሳሌ ሳይናገር ምክሩን የሚጨርስ አለቃ እስካሁን አልተገኘም። ካርቦኑን እንዳትረሱ።